የጨፌ ግድብ፣ የ1998 ክረምት

ሰኔ 19 ቀን 1998፣ ሰኞ። የቡ

ዛሬ ጨፌ ግድብ ወጣሁ። ሞተር ሳይክሉ ጭቃውን ስለማይችለው ከየቡ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። የማና ወረዳ የውሃ ቴክኒሺያን ሆኜ ከተመደብኩ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ግድቡን በደንብ ያየሁት ግን ዛሬ ነው።

ከሩቅ ሲያዩት ግድብ አይመስልም። በሁለት ኮረብታ መሃል የተጋደመ፣ ሣር የለበሰ የአፈር ጉብታ ነው። ቁመቱ ዘጠኝ ሜትር፣ ርዝመቱ መቶ አርባ እርምጃ። በደርግ ጊዜ ገበሬ ማኅበሩ በምግብ ለሥራ ነው የገነባው። ከኋላው የተኛው ውሃ በበጋ የቡና ችግኝ ጣቢያውን ያጠጣል፤ ከብቱም የሚጠጣው ከዚያው ነው። ከግድቡ በታች፣ ሸለቆው ውስጥ፣ ስልሳ ሦስት አባወራ አለ።

ጠባቂው ጋሽ አብዱልሰመድ ይባላሉ። ስልሳ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል፤ እዚህ ሥራ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ቆይተዋል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ወደ ግድቡ እግር ይዘውኝ ወረዱ። እዚያ ከሣሩ ሥር ውሃ ይመነጫል። የአፈር ግድብ ትንሽ ማስረጉ ያለ ነገር ነው። እሳቸው በተሰነጠቀ ሸምበቆ መርተው አምስት ሊትር ጀሪካን ውስጥ ያስገቡታል። ጀሪካኑን ደቀኑና ከኪሳቸው ሙስበሐቸውን አወጡ። ሱብሃነላህ እያሉ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ አሳለፉ። ጀሪካኑ ሲሞላ አቆሙ።

«ሰማንያ አራት» አሉ። «አምና በዚህ ጊዜ ዘጠና ዘጠኙ አልቆ ነበር የሚሞላው።»

«ሰዓት የለዎትም እንዴ?»

«የሰዓት ባትሪ ያልቃል፣ ኢንተላ ኮ።»

ልጄ ማለታቸው ነው። ፈገግ አልኩ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ሲደግሙት በእጅ ሰዓቴ በድብቅ ያዝኩላቸው። የሁለቱ ልዩነት አንድ ሰከንድ አይሞላም። ፈገግታዬን ተውኩት።

ውሃውን በብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃን ያዙት። «ቁጥሩ ያሳስበኛል እንጂ አያስፈራኝም። ጠርቶ ከወጣ የሚወጣው ውሃ ነው። ከደፈረሰ ግን የሚወጣው ግድቡ ነው።»

እኛ ይህን ለመማር አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ነበር የፈጀብን።

በመጋቢት የሞላሁት ቅጽ ላይ «ጨፌ፦ ሁኔታው ደህና» ይላል። መጋቢት በጋ ነው። በበጋ ደህና ነበር ማለት ነው።

ሰኔ 23፣ ዓርብ

ዛሬም ወጣሁ። ቢሮ ውስጥ ብዙ ሥራ አልነበረም።

ጋሽ አብዱልሰመድ ቤታቸውን አሳዩኝ፤ ከግድቡ ራስጌ ያለች ጎጆ ናት። ቤቱ በየዓመቱ በጭቃ ይለሰናል፤ አንዷ ግድግዳ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አልተነካችም። ባለቤታቸው በዚህ ነገር እስከ ዛሬ እንደሚነዘንዟቸው ነገሩኝ። ግድግዳዋ በከሰል ምልክት ተሞልታለች። ክብ አሥር ነው፤ ጭረት አንድ። ለየወሩ አንድ መስመር። መጻፍ አይችሉም፤ ግን የትኛው መስመር የየትኛው ዓመት እንደሆነ በጣታቸው እየነኩ ነገሩኝ። «ይሄ ዝናቡ የቀረበት። ይሄ ልጄን የዳርኩበት። እዚህ ጋ ሁለት ወር ታምሜ ተኝቼ ነበር፤ ባለቤቴ ናት የቆጠረችው፤ ቶሎ ቶሎ ትቆጥራለች፣ አትመኚው።»

ሁሉንም ወደ ደብተሬ ገለበጥኩ። አራት ሰዓት ፈጀብኝ።

ቢሮ ያለው የጨፌ ፋይል ሦስት ገጽ ነው። አንዱ ገጽ የኔ ነው።

ሰኔ 28፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። የገለበጥኩትን ቁጥር በግራፍ ሠራሁት። አሥራ አምስት ዓመት ያህል መስመሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ክረምት ወረድ፣ በጋ ከፍ። ከአምና ወዲህ ግን ቁልቁለት ነው። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ከተማ አዩትና «የኔነሽ፣ ይሄን መረጃ ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። ከግድግዳ ላይ ብላቸው ሳቁ። ክፋት የለባቸውም። አብሬ ሳቅኩ፤ መሳቅ አልነበረብኝም።

ሐምሌ 4፣ ማክሰኞ

ግድቡ ሲሞላ ትርፉ ውሃ የሚወርድበት ቦይ በስተቀኝ በኩል አለ። ያለበትን ለማግኘት ተቸገርኩ። ጎደሬና ሙዝ ተተክሎበታል። ዓመት ከዓመት ውሃ ስለማያልፍበት ሰው ተካፍሎ እርሻ አድርጎታል። ይህ ቦይ ከተዘጋ ውሃው በግድቡ አናት ላይ ይፈሳል፤ አፈር ደግሞ ያንን አንድ ቀን አይችልም።

ባለ ጎደሬዎቹን ሰበሰብኩ። ብዙዎቹ የችግኝ ጣቢያው የሴቶች ማኅበር አባሎች ናቸው። ሊቀ መንበሯ ለጢፋ በዕድሜ ብዙም አትበልጠኝም፤ ንግግር ታውቃለች።

«እዚህ ቦይ ውስጥ ውሃ ሲወርድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አላየሁም።»

«እኔም እዚሁ ተወልጄ አላየሁም። ጎደሬው ግን ልጆቼን ሲያበላ አይቻለሁ። ሁለት ወር ቆዪ፣ ይድረስልን፣ ማሎ፣ እባክሽ።»

ሕጉን ልጠቅስ ስል ከኋላችን የመቆፈሪያ ድምፅ ሰማን። ጋሽ አብዱልሰመድ የመጀመሪያውን መደብ እየነቀሉ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ መደቡ የባለቤታቸው ነው፣ ከሁሉም የሰፋው። ማንንም ቀና ብለው አላዩም። ሦስተኛው መደብ ላይ ሲደርሱ ለጢፋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ገባች።

እኔም ቆፈርኩ። እጄ ውሃ ቋጥሯል።

ሐምሌ 12፣ ረቡዕ

ስልሳ አንድ። ጥርት ያለ ነው። ዝናብ። ዝናብ። ዝናብ።

ጅማ ለዞኑ ደወልኩ። መሐንዲስ ከክረምት በኋላ ነው የሚመጣው፤ መኪና የለም። ደብዳቤ ጻፊ አሉኝ። ጻፍኩ። በሦስት ቅጂ።

እማዬም ከጅማ፣ ከሰቶ ሰመሮ ደወለች። ወደ ጅማ የዝውውር ቅጹ ጊዜ እንዳያልፈኝ አስጠነቀቀችኝ፤ ጳጉሜ ውስጥ ይዘጋል። እሺ አልኳት።

ሐምሌ 19፣ ረቡዕ

ዛሬ በግምጃ ቤቱ በር ሳልፍ ሁለት የቢሮ ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «በመጋቢት ደህና ነው ብላ ፈርማ፣ አሁን ይፈርሳል ትላለች። የትኛዋን እንመን?» አለ አንዱ። ሌላው ሳቀ። ድምፄን ሳላሰማ አለፍኩ።

እንግዲህ ቢያንስ እዚህ ልጻፈው። በመጋቢት ጨፌ አልወጣሁም። ያን ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ግን በማግስቱ አጋሮ ለሠርግ ሄጄአለሁ፤ ስለዚህ ጉንፋኑ ምክንያት አይሆንም። የአምናውን ቅጽ አወጣሁና ቀኑን ቀይሬ ገለበጥኩት። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ጋሽ አብዱልሰመድ በዚያ ወር መስመር ላይ ዘጠኝ ክብና አንድ ጭረት አላቸው። ዘጠና አንድ፤ በደረቅ መጋቢት፣ ከአምናው ሰኔ እንኳ ያነሰ። ያኔ ብወጣ ኖሮ አራት ወር በእጄ ነበር።

ነሐሴ 1፣ ሰኞ

ሬዲዮው ስለ ድሬዳዋ ጎርፍ ሲያወራ ዋለ። ሰዉ በየሻይ ቤቱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። የሞቱት ቁጥር በየዜናው ይጨምራል።

ከሰዓት በኋላ ግድቡ ላይ የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ስብሰባ ነበር። የታችኛውን መክፈቻ፣ ሳራቺኔስካውን፣ ከፍተን ውሃውን በሁለት ሜትር እናውርደው አልኩ። ውሃው ሲቀንስ ግድቡን የሚገፋው ክብደት ይቀንሳል። ዛሬ አምሳ ሦስት ነው፤ ገና ጥርት ያለ።

ለጢፋ ብድግ አለች። «ጥር ላይ አርባ ሺህ ችግኝ በምን ላጠጣ ነው? በምራቄ? አንድ ጊዜ ከፈሰሰ ክረምቱ እያለቀ ነው፣ አይሞላም። አርባ ሁለት ሴት ነን።»

«ግድቡ ከሄደ ችግኝ ጣቢያውም ይሄዳል» አልኳት።

«ከሄደ። አንቺ ራስሽ ደህና ነው ብለሽ ጽፈሽ አልነበር?»

ወሬው እዚህም ደርሷል። ጋሽ አብዱልሰመድ ቀስ ብለው ተነሡ። «ለጢፋ እውነቷን ነው፣ ውሃው ሕይወቷ ነው። ይህችም እውነቷን ነው። እኔ በየሰላቱ፣ በቀን አምስት ጊዜ እቆጥራለሁ። ቀለሙ የተለወጠ ቀን ግን ማንንም አልጠይቅም» አሉ። ያለ ውሳኔ ተበተንን። አቶ ከተማም ከዞን ደብዳቤ ሳይመጣ መክፈቻው እንዳይነካ አሉኝ።

ስለ መጋቢቱ ቅጽ ለአቶ ከተማ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። አልነገርኳቸውም።

ነሐሴ 5፣ ዓርብ

መሽቷል። አሁን ካልጻፍኩት ነገ የሚምታታብኝ ይመስለኛል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለጢፋ ቢሮ ገባች። በስብሳ ውሃ ሆናለች፤ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ከሻርቧ ውስጥ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አቆመችው። ውስጡ ያለው ውሃ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል።

«ጋሽ አብዱልሰመድ ይህን ለየኔነሽ ስጪያት፣ ሌላ ቃል አትጨምሪ ብለውኛል» አለች። ከዚያ ግን ጨመረች። «ሠላሳ ስምንት ነው። እኔም አብሬ ቆጥሬአለሁ።»

አቶ ከተማ ለስብሰባ ጅማ ናቸው። ስልካቸው አይነሳም። ለጸሐፊያችን «ጨፌን ልከፍት ሄጃለሁ» ብዬ በወረቀት ተውኩላትና ወጣን። በመንገድ አንድ ቦታ ላይ ስንዳለጥ እጄን ያዘችኝ፤ ከዚያ አለቀቀችኝም።

ስንደርስ ጋሽ አብዱልሰመድ የታችኛውን መንደር አስወጥተዋል። ሰዉ ከነከብቱ ኮረብታው ላይ መስጊዱ ግቢ ሰፍሯል። ማን እንደቀረ ጠየቅኳቸው። ስልሳ ሦስቱንም ቤት በየስሙ ጠሩልኝ። ማንም አልቀረም።

መክፈቻው አልዞር አለ። ከተከፈተ ስንት ዓመቱ። መዘውሩ ላይ የብረት ድጅኖ አስገብተን ስድስት ሆነን ተንጠለጠልንበት። እሳቸው ግን ለካ በየዓመቱ ዘይት ሲቀቡት ኖረዋል፤ ዝገቱ ከላይ ብቻ ነበር። አንዴ ጮኸና ተንቀሳቀሰ። ውሃው በቧንቧው ሲወጣ መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንዘፈዘፈ። ለጢፋ ውሃው ሲሄድ ቆማ አየችው።

ከዚያ ወደ ግድቡ እግር ወረድን። ውሃው የሚመነጭበት ጉድጓድ የክንዴን ያህል ሰፍቷል። ሁለት ጎልማሶች ጭቃ አቡክተው ሊደፍኑት ጎንበስ ሲሉ እኔም ጋሽ አብዱልሰመድም በአንድ አፍ «ተዉት» አልን።

«ለምን?» አለ አንዱ።

ጋሽ አብዱልሰመድ ወደኔ አዩ፣ እንድናገር።

«ውሃውን ከዘጋነው በሌላ በኩል ይወጣል፤ የት እንደሆነ ደግሞ አናውቅም። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ብቻ ይቅር። መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከላይ ድንጋይ። እንደ ማጥለያ።»

«እኔ ጠጠር ነበር የማስቀድመው» አሉ ጋሽ አብዱልሰመድ በቀስታ። «አንቺ አሸዋውን ባትዪ ኖሮ ስህተት ልሠራ ነበር።» ይህን በሰው ፊት ነው ያሉት። አሥራ ስድስት ዓመት በሠሩበት ሥራ፣ ለእኔ።

አሸዋ ከየት ይምጣ? የመስጊዱ መድረሳ ሊሠራበት ሁለት መኪና አሸዋ ተራግፎ ነበር። ኢማሙ ገና ሳይጠየቁ የመጀመሪያውን ጆንያ ራሳቸው ሞሉ። ከኮረብታው እስከ ግድቡ ሰው ተሰለፈ፤ ጆንያው ከእጅ ወደ እጅ ወረደ። ሴቶቹ ከወንዝ ጠጠር በቅርጫት አመጡ። የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ ኢማሙ ግማሹ ይስገድ፣ ግማሹ ይሸከም አሉ፤ ከዚያ ተለዋወጡ። ጋሽ አብዱልሰመድ ጉድጓዱ አፍ ላይ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው ጆንያ እየተቀበሉ ሲያፈሱ ዋሉ። ተቀመጡ ብላቸው አልሰሙኝም።

መጀመሪያ ያፈሰስነውን አሸዋ ውሃው ጠርጎ ወሰደው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ጠጠሩን በፍጥነት ደረብንበት፤ ያዘ። ድንጋይ ጫንንበት። ከአሱር ሰላት በኋላ ጋሽ አብዱልሰመድ ጀሪካኑን ደቀኑ። ሰው ሁሉ አብሮ ቆጠረ፤ ሙስሊሙም እኛ ክርስቲያኖቹም። ስልሳ ስድስት።

በብርጭቆ ቀድተው ለለጢፋ ሰጧት። ወደ ብርሃን ያዘችው። ጣቷ ከብርጭቆው ማዶ ጥርት ብላ ታየችን።

ነሐሴ 6፣ ቅዳሜ

ሰባ አንድ። ጥርት ያለ። ውሃው በአንድ ሜትር ተኩል ወርዷል። ጋሽ አብዱልሰመድ ወገባቸው ተይዞ ተኝተዋል። ባለቤታቸው ናቸው የቆጠሩት፤ ቀስ ብለው እንዲቆጥሩ ከአልጋ ላይ እየተጮኸባቸው።

ነሐሴ 9፣ ማክሰኞ

አቶ ከተማ አስጠሩኝ። ደብዳቤ ሳይመጣ ለምን ከፈትሽ አሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስጨርስ ልወጣ ተነሣሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። የመጋቢቱን ነገርኳቸው፤ ጉንፋኑንም፣ ሠርጉንም፣ የተገለበጠውንም ቅጽ።

እስኪርቢቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ከፊርማሽ ሥር የማን ፊርማ ነው ያለው?» አሉ።

«የእርስዎ።»

«እኔስ መች ወጥቼ አየሁት?»

ለዞኑ አብረን ጻፍን። መጋቢት ላይ ግድቡ አለመታየቱን አልሸሸግንም። ችግሩን ያገኙት ጠባቂው መሆናቸውን የሚገልጸውን መስመር የጻፉት አቶ ከተማ ናቸው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ፋይሌ ውስጥ ይገባል። ይግባ። ዛሬ ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዬን ጨርሼ በላሁ።

መስከረም 8 ቀን 1999፣ ሰኞ

ችግኝ ጣቢያው ሄጄ ነበር። ማኅበሩ ዘንድሮ አሥራ አምስት ሺህ ብቻ ለማፍላት ወስኗል፤ እሱንም ከወንዝ እየቀዱ። ለጢፋ ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ግን ማፅናኛም አልሰጠችኝም። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር ባዶ ባልዲ አቀበለችኝ። እስከ ቀትር ቀዳሁ።

የዝውውሩ ቅጽ ጊዜ አልፏል። እማዬ ተቆጥታለች። ረስቼው ነው አልኳት።

ጥቅምት 18፣ ቅዳሜ

ዝናቡ ወጥቷል። ረመዳን ካለቀ በኋላ ከጅማ መሐንዲስ መጣ፤ ውሃውም ከሥሩ እስኪታይ ወርዶ ነበር። በግድቡ የውስጥ በኩል፣ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ተኝቶበት በሚውለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የወረድነው ያኔ ነው።

የውስጡ ፊት በድንጋይ ተነጥፏል። በእጅ፣ አንድ በአንድ፣ ከዳር እስከ ዳር። ከታች ያሉት መደዳዎች ትንንሽና የተዛነፉ ናቸው፤ ወደ ላይ እየመጡ ሲሄዱ ድንጋዮቹ ትልልቅ፣ መጋጠሚያቸው ጠባብ ይሆናል። በየትኛውም ፕላን ላይ የለም። አሥራ ስድስት መደዳ ቆጠርኩ።

«ውሃው ማዕበል እየሠራ አፈሩን ይልሰው ነበር» አሉ ጋሽ አብዱልሰመድ። «በየበጋው ሲወርድ አንድ መደዳ እሠራለሁ።»

«ማን አዘዘዎት?» አላቸው መሐንዲሱ።

«ማን ያዘኛል? የሚመጣ ሰው አልነበረም።»

ይህን የተናገሩት ያለ ምሬት ነው። እኔ ግን ወደ ድንጋዩ አየሁ።

ውሃው የገባበትን ቀዳዳም አገኘነው። ድንጋዩ የሚያበቃበት ጠርዝ ላይ የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ሥር ነበር፤ ከዓመታት በፊት በችግኝ ተከላ ዘመቻ የተተከለ። ጋሽ አብዱልሰመድ ያኔ አይሆንም ብለው ነበር፤ የሰማቸው የለም። ሥሩ ተቆፍሮ ወጣ፤ ቦታው በቀይ ሸክላ አፈር በንብርብር ተደቀደቀ። ሥራው አራት ቀን ፈጀ።

ዛሬ ከላዩ ላይ ድንጋይ መደርደር ጀመርን። መንደሩ ግማሽ ያህሉ መጥቷል፤ አቶ ከተማም ሱሪያቸውን ሰብስበው መጥተዋል። ጋሽ አብዱልሰመድ ወገባቸው ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለሰላቸውም፤ ማንሳት ተከልክለዋል። በዱላቸው ከመደዳ መደዳ እየሄዱ ያያሉ።

እኔ አንድ ደህና ድንጋይ መርጬ አስቀመጥኩ። መጡና አዩት።

«ይሄ ይንከባለላል። ረጅሙን ጎን ወደ አፈሩ አስገቢው።»

አወጣሁና አዙሬ መለስኩት። ገና ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሥሩ አፈር ጠርቤ እንደገና አስገባሁት፤ በጎኑ ካለው የለጢፋ ድንጋይ ጋር አገጣጠምኩት። ለጢፋ ሥራዋን አቁማ ታያለች።

ጋሽ አብዱልሰመድ ዱላቸውን ለእሷ አቀበሏት። ትከሻዬን ያዙና በአንድ እግራቸው ድንጋዩ ላይ ወጡ፤ ከዚያ በሁለቱም። ሙሉ ክብደታቸውን ጥለው ትንሽ ቆሙ። ድንጋዩ አልተነቃነቀም።

«ቶሌ፣ ደህና ነው» አሉ። ወርደው ዱላቸውን ተቀበሉና ወደሚቀጥለው ድንጋይ አለፉ። እኔም ሌላ ለማምጣት ወረድኩ።